በንጉሡ ሠ የተጻፈ ስንብት

በ፲፱፻፸፬ ዓ.ም. በወርኃ ሐምሌ፣ አንድ እሑድ ቅዳሴ እንደ ወጣ፣ መሪጌታ የኋላሸት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የእንጅባራን ፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ ረገጡ።

«መቶ አለቃ፣ ልጄን ከዘንገና ሐይቅ አወጧት» አሉ። «ገዳይ ፈልግልኝ አልልህም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ራሷን ያጠፋች እንደ ሆነ ፍትሐት አይደረግላትም፤ ከቅጥሩ ውጭ ነው የምትቀበረው። ካህናቱን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታገሡኝ ብያቸዋለሁ።»

መቶ አለቃ ዓለምነው ቆቡን አነሣና ተከተላቸው።

ሐይቁ ዳር ገበሬዎች አስከሬኑን በጋቢ ሸፍነው ቆመዋል። የሟቿ የማናየሽ ጫማዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ከሥራቸው የታጠፈ ወረቀት ተገኝቷል። በጽሕፈት መኪና፣ በደማቅ ጥቁር ቀለም እንዲህ ተጽፎበታል፦ «የሥራ አስኪያጁን በደል መቻል አቃተኝ። ሠው ሁሉ ይቅር ይበለኝ። በሠላም ኑሩ። ማናየሽ።»

መቶ አለቃው ሦስት ጊዜ አነበበው።

«የኔታ፣ ልጅዎን ፊደል ያስቆጠራት ማን ነው?»

«እኔ ነኛ! ከተማሪዎቼ ጋር ነው ያደገችው። የእነርሱን ስሕተት እያረመች ታበሽቃቸው ነበር። ‘አባዬ’ ብላኝ አታውቅም፤ እንደ እነርሱ ‘የኔታ’ ነበር የምትለኝ። ስለ ምን ጠየቅኸኝ?»

«ትንሽ ይታገሡኝ።»

ማናየሽ በከተማው ዳር ባለው የእንጨት መሰንጠቂያ ድርጅት ታይፒስት ነበረች። መቶ አለቃው መሥሪያ ቤቱን አስከፍቶ አራት ሰዎች አስጠራ። ከሁሉ አስቀድሞ ያነጋገረው የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋን እታለማሁን ነው፤ ዐይኗ በልቅሶ አብጧል።

«እህቴ፣ የሚያስጨንቃት ምን ነበር?»

«የማያውቅ አለ እንዴ፣ መቶ አለቃ? ሥራ አስኪያጁ ነዋ! ደብዳቤ ላጽፍሽ ብሎ ያስገባትና በሩን ይዘጋል። እምቢ ስትል ጫግኒ አዛውርሻለሁ ይላታል። መጋቢት ላይ ለሠራተኛ ማኅበሩ አመለከተች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዝም። ሐሙስ ዕለት ‘ሁለተኛ ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ ይህን ግን በቀጥታ ለአውራጃው ነው የምሰጠው’ አለችኝ። በዚያው በሰውዬው ላይ መስሎኝ አልጠየቅኋትም። ምነው በጠየቅኋት!»

መቶ አለቃው የጽሕፈት መኪናውን ክዳን ከፈተ። «የቀለሙ ሪባን አዲስ ነው።»

«ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ እኔ ነኝ የለወጥሁት። አሮጌው ደብዝዞ ስላስቸገራት ለሰኞ ይቆያት ብዬ። እርሷ ቀድማኝ ወጥታ ነበር።»

ቀጥሎ ዘበኛው ዋኘው ገባ።

«አባባ፣ ቅዳሜ ከስድስት ሰዓት በኋላ ማን ገባ?»

«ሰው አልገባም፣ ጌታዬ።»

«ማናየሽም አልተመለሰችም?»

«አልተመለሰች። ቁልፉ እኔ ኪስ ነው። ጓድ አየነው ብቻ ነው የገባ።»

«እርሱ ሰው አይደለም?»

«እርሱማ የማኅበሩን ማስታወቂያ ሊጽፍ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ስለ ለመድሁት እንደ ግድግዳው ሆኖብኝ ነው» አለ ሽማግሌው ራሱን እያከከ። «ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ወጣ።»

ሥራ አስኪያጁ ጓድ በዛብህ ገና ከበር ሳለ ይምል ጀመር። «ዳንግላ ስብሰባ ላይ ነበርሁ! ዛሬ ጠዋት መግባቴ ነው፤ ሃያ ሰው ይመሰክርልኛል።»

«ማናየሽንስ ምን አድርገዋት ነበር?»

«ጨዋታ ነው እኮ፣ መቶ አለቃ። እነዚህ ልጆች ጨዋታ አያውቁም።»

«ስትጫወቱ እርሷም ትሥቅ ነበር?»

ሥራ አስኪያጁ የኮቱን ቁልፍ ይነካካ ጀመር።

በመጨረሻ የገባው የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ አየነው ነው። የማናየሽን ማመልከቻ ራሱ ይዞ መጥቷል።

«ገዳይዋ ሥራ አስኪያጁ ነው! እኔ ጉዳይዋን እያየሁት ነበር።»

«አራት ወር ሙሉ?»

«ሕጉ ለእንዲህ ያለው ነገር ስም አላወጣለትም፣ ጓድ መቶ አለቃ። በየትኛው አንቀጽ ልክሰሰው?»

ዓለምነውም የሠራተኛ ሕጉን ገልጦ ያንን ስም ፈልጎ አጥቶ ያውቃል፤ ስለዚህ አልተከራከረም። «መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ያዩዋት?»

«ዓርብ፤ እዚሁ።»

መቶ አለቃው ማመልከቻውን አነበበ። «ሰውነቴና ሥራዬ ተለይተው እንዲታዩልኝ፣ እንደ ሰውም በሰላም እንድሠራ እጠይቃለሁ» ይላል። ዐይኑ ግድግዳው ላይ በተሰቀሉት የማኅበሩ ማስታወቂያዎች ላይ ቆየ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ሁሉንም በአንድ ክፍል ሰበሰበ። መሪጌታና የደብሩ አስተዳዳሪም ተቀመጡ።

«ቃላችሁን ከመፈረማችሁ በፊት ይህችን ጻፉልኝ» አለ ወረቀት እያደለ። «ሰው ሁሉ በሰላም ይኑር።»

«እኔ የማውቀው ጣቴን መጫን ነው» አለ ዋኘው። ሦስቱ ጻፉ። መቶ አለቃው ወረቀቶቹን ሰብስቦ ለመሪጌታ ሰጣቸው።

«የኔታ፣ ያርሙልኝ።»

መሪጌታ ሁለቱን አለፉ። በሦስተኛው ላይ ጣታቸው ቆመ። «ይህኛው ‘ሰው’ንም ‘ሰላም’ንም በንጉሡ ሠ ጽፏቸዋል። በእሳቱ ሰ ነው የሚጻፉት።»

«የአየነው ነው። በግድግዳው ላይ ያሉትም እንዲሁ ናቸው። ከሐይቁ ዳር የተገኘውም ስንብት እንዲሁ ነው። ማናየሽ በማመልከቻዋ ላይ አንዱንም አልሳተች።»

«በፊደል ሰው ይታሰራል?» አለ አየነው እየሣቀ። «ሁለቱም ያው ‘ሰ’ ናቸው!»

«ለእርሷ ያው አልነበሩም» አሉ መሪጌታ።

«በፊደል ብቻ አይደለም» አለ መቶ አለቃው። «ስንብቱ ደማቅ ነው፤ በአዲሱ ሪባን ተጽፏል። ሪባኑ የተለወጠው ማናየሽ ከወጣች በኋላ ነው፤ እርሷም አልተመለሰችም። ከዚያ ወዲያ ወደዚህ ክፍል የገባኸው አንተ ብቻ ነህ። አሁን ልትጽፈው የነበረውን ሁለተኛ ማመልከቻ አስብ። በሥራ አስኪያጁ ላይ ቢሆን ለአንተ ትደግምልህ ነበር። አንተን ዘልላ ወደ አውራጃው ልትሄድ ያሰበችው የምትከሰው አንተን ስለ ሆነ ነው። የጮኸችበት በር ሁለተኛው ወጥመድ ሆነባት።»

የአየነው ሣቅ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ።

«አንድ ቀን እሺ በይኝና ጉዳይሽን አስፈጽምልሻለሁ ብያት ነበር… ይኸው ነው። እከስሃለሁ ስትል ፈራሁ። ሐይቁ ዳር እርቅ እናውርድ ብዬ ጠራኋት። እዚያም እምቢ አለች። ገፋኋት… አስቤበት አይደለም!»

«ስንብቷ በኪስህ ነበር» አለ ዓለምነው። «ሞቷን ጽፈህ ነው ለእርቅ የጠራሃት።»

እታለማሁ እሪ አለች። ፖሊሶቹ አየነውን ይዘው ሲወጡ ሥራ አስኪያጁ በረጅሙ ተነፈሰ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ መቶ አለቃ። ነጻ አወጡኝ።»

«ከግድያው ነው ያወጣሁዎ። ቀድሞ ወደዚያ ሰው ደጅ የነዳት ማን እንደ ሆነ ግን በመዝገቡ ላይ እጽፋለሁ። ስም ባላገኝለት እንኳ የሆነውን እንደ ሆነ እጽፈዋለሁ።»

የደብሩ አስተዳዳሪ ተነሡ። «ፍትሐት ይደረግላት፤ በቅጥሩ ውስጥም ትቀበር» አሉ።

መሪጌታ ግን ከመቀመጫቸው አልተነሡም።

«የኔታ፣ ካህናቱ እየጠበቁ ነው።»

«በሚያዝያ ‘ሥራውን ልተወው’ ብላኝ ነበር» አሉ መሬት መሬቱን እያዩ። «ለምን ብላት አንገቷን ደፋች። እኔም ‘ታገሺ፤ መስቀል የሌለው ሥራ የለም’ አልኋት። ዕድሜዬን ሙሉ ትዕግሥትን ሳስተምር ኖሬ፣ እምቢ ማለትን አላስተማርኋትም። እርሱን ብቻዋን ተማረችው።»

መቶ አለቃው ክንዳቸውን ይዞ አስነሣቸው።

አርባ ዓመት በሰው ሁሉ ፍትሐት ላይ ያዜሙት መሪጌታ በልጃቸው ፍትሐት ላይ ከካህናቱ ጋር አልቆሙም፤ ከለቀስተኛው ኋላ፣ ከዛፉ ሥር ቆሙ። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያለ ምሕረትን ለሁሉ ሲለምን፣ አጠገባቸው የቆመው ዓለምነው የአረጋዊውን ከንፈር አየ። የ‘መሐረነ’ን የመጨረሻ ፊደል ለውጠው ‘መሐረኒ’ ይሉ ነበር። «ማረን» አላሉም፤ «ማረኝ» ነበር የሚሉት።