ባዶው ዘበኛ

ጋሽ ይመር ደረታቸው ውስጥ ዘበኛ ከገባላቸው ሦስተኛ ወራቸው ነው። ዘበኛ የጤፍ ፍሬ የሚያህል መሣሪያ ነው፤ በደም ሥር ገብቶ ልብ አጠገብ ይቀመጥና ልብ ሲደክም መድኃኒት ይረጫል። ገና በሙከራ ላይ ስለሆነ ደሴ ውስጥ የደረሳቸው አራት መቶ አዛውንቶች ብቻ ናቸው። ቤት ለቤት ዞራ፣ «ለሁሉም እኩል ነው» ብላ እየማለች ያስመዘገበቻቸው የጋሽ ይመር ልጅ ሲስተር ዘምዘም ናት። በይ ያሏትን ነው ያለችው።

ማክሰኞ ጠዋት ለክትትል ክሊኒክ መጥተው፣ ዘምዘም የዘበኛውን ሁኔታ የሚያነበውን መቃኛ ደረታቸው ላይ እንዳሳረፈችው ተዝለፍልፈው ወደቁ። ልባቸው ቀጥ አለ። መቃኛው ግን ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሁሉም ሰላም!» ዘምዘም እየጮኸች ደረታቸውን በሁለት እጇ ተጭና ተጭና በመከራ መለሰቻቸው። ሁለተኛ ከወደቁ እንደማይነሡ ታውቃለች።

አልጋ ላይ አስተኝታቸው ሮጠች ወደ ዶክተር ትርሲት። ትርሲት የሙከራው ኃላፊ ናቸው፤ ሙያውን ያስተማሯት፣ እንደ እናቷ የምታያቸው ሴት።

«ዶክተር፣ የአባቴ ዘበኛ ተበላሽቷል!»

«አልተበላሸም ዘምዘምዬ። መጀመሪያውኑም ባዶ ነው።»

«ምን ማለት ነው ባዶ?»

«መድኃኒት የለውም። ግማሾቹ እንዲያ ናቸው፤ ከሙሉው ጋር ካልተነጻጸረ ፈቃድ አይሰጡንም። ለሰዉ ብንነግረው ደግሞ ማን ይመዘገብልን ነበር?»

«እኔን አስዋሹኝ! ቆይ፣ ባዶው ለማን እንደሚደርስ ዕጣ እንኳን አላወጣችሁም?»

ትርሲት መነጽራቸውን አወለቁ። «የሚጠራጠር ሰው ትንሽ ሲያመው ጥሎን ይሄዳል። ባዶው አምኖን ለማያቋርጥ ሰው ነው የሚሰጠው። ኮምፒውተሩ የመረጣቸው አንቺ ከሞላሽው ቅጽ ነው።»

«ሐኪሙን ምን ያህል ያምናል?» ይላል ቅጹ። ለአባቷ ከአስር አስር ስትሰጥ እንዴት ኮርታ ነበር!

«አሁኑኑ ሙሉውን ይስጡኝ፤ አለዚያ ዛሬውኑ እድሩ መሃል ቆሜ አወራዋለሁ!»

ትርሲት መሳቢያቸውን ከፍተው፣ ቀና ብለው ሳያዩአት ሰጧት። የሌሎቹን ባዶ የተሰጣቸውን ሰዎች ነገር፣ እውነቱን ለመናገር፣ በዚያች ሰዓት አላሰበችውም።

ለአባቷ አንዱንም ሳትደብቅ እያለቀሰች ነገረቻቸው። ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ሰሟት። መርፌውን አዘጋጀች።

«ክንድዎን ያምጡ፣ አባ።»

«ይሄኛውስ ሙሉ ነው?»

«ወላሂ ሙሉ ነው!»

ጋሽ ይመር ልጃቸውን ትክ ብለው አዩአት።

«ያኔም ምለሽልኝ ነበር» አሉ።

ያ ቅጽ አሁን ቢሞላ መልሱ ከአስር ዜሮ ነው፤ ኮምፒውተሩም ሳያመነታ ሙሉውን ይመድብላቸው ነበር። እሳቸው ግን የሸሚዛቸውን እጅጌ ወደ ታች መልሰው ቆለፉ።