የስንዱ ጠበቃ

«ጠበቃሽ ማን ነበር? ስሙን ንገሪኝ።»

ስልኩ ስፒከር ላይ ነው። የሄዋን አክስት የፀዲ ጠበቃ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ብትደግመውም ሄዋን ለእናቷ አልተረጎመችላትም።

እናቷ ስንዱ ሶፋው ላይ ተደግፋ የስምንት ወር ሆዷን ታሻለች። «ተከራዩ ዛሬ ይራገጣል» አለች። ማንም አልሳቀም። በሆዷ ያለው የፀዲና የባሏ የበድሉ ልጅ ነው። ፀዲ አራት ጊዜ ፅንስ ስለጨነገፈባት፣ ሐኪሞች የሁለቱን ፅንስ ስንዱ ማህፀን ውስጥ አስቀመጡት።

ከዚያ በፊት ውል መፈረም ነበረበት። ለሌላ ሰው የምታረግዝ ሴት የራሷ ጠበቃ ሊኖራት ይገባል ሲባል ስንዱ ተቆጣች። «እህቴን ልከሳት ነው እንዴ? ፓስተሩ ጸልዮልናል፣ ይበቃል!» ፎርሙን የሞላችው ሄዋን ናት። «የራስሽ ጠበቃ አማክሮሻል?» የሚለው ጋ ስትደርስ ብዕሯ ቆመ።

«አታካብጂ ባክሽ፣ የስ በይው» አለቻት ፀዲ። ሄዋንም የስ አለችው።

ባለፈው ወር በድሉ ሴንቴኒያል ከተማ ያለውን ቤታቸውን ጥሎ ወጣ። ፍቺ ይፈልጋል፤ ልጁን ግን አይፈልግም። ስንዱ የራሷ ጠበቃ እንዳልነበራት ከታወቀ ውሉ ሊፈርስ ይችላል፤ ከፈረሰ ዳኛው የልጁ እናት ማን እንደሆነች ይወስናል። ስንዱ ከተባለች፣ በአንድ ደሞዝ ሦስት ልጅ ለምታሳድገዋ ለእሷ አራተኛ ይመጣል። ፀዲ ደግሞ ባዶ እጇን ትቀራለች።

«ምን አለች?» አለች ስንዱ።

«የጠበቃሽን ስም ትፈልጋለች።»

ፀዲ የሄዋንን እጅ ያዘች። «ሄዊዬ፣ ረስታዋለች በያት። ፕሊስ፣ የኔ ቆንጆ።»

«አዎ፣ ረስቼዋለሁ በያት» አለች ስንዱ። «ምን ችግር አለው?»

«አላችሁ?» አለች ጠበቃዋ። «እናትሽ የምትመልሰውን በኋላ ዳኛ ፊት ምላ ነው የምትደግመው።»

ሄዋን እናቷን አየቻት። ስንዱ በሕይወቷ አንድ ጊዜ እንኳ ፍርድ ቤት አልቆመችም። ሄዋን እጇን ከአክስቷ እጅ ቀስ ብላ አወጣች።

«ጠበቃ አልነበራትም» አለች በእንግሊዝኛ። «ፎርሙ ላይ የስ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ፀዲ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ጠበቃዋ መልሱን ስትጽፍ የኪቦርዱ ድምፅ በስልኩ ይሰማል።

«ምን አልሻት?» አለች ስንዱ፣ አንዴ እህቷን አንዴ ልጇን እያየች። «ሄዋን! ምን አልሻት?»

ሄዋን ሶፋው ላይ አጠገቧ ተቀመጠች። ከዚያም ያለችውን፣ አንድም ቃል ሳትቀንስ፣ በአማርኛ ነገረቻት።