የቀማሹ ባልዲ

ያላጠፋ ሰው «አጥፍቻለሁ» ብሎ ቢለምን ይተርፋል ወይስ ይብስበታል? እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘሁትም። ያን ቀን ግን የልጅ ልጄን ወደ ጥግ ወስጄ፣ «በስህተት ነው በይ፣ የኔ ዓለም፤ ቅጣቱ ይቀልልሻል» እያልኩ ለመንኳት።

«ያልሠራሁትን አልልም፣ እማማ» አለችኝ።

አሠሪዋ፣ የጠጅ ቤቱ ጌታ፣ ሞቶ በመቅመሻው ጠረጴዛ ሥር አንሶላ ለብሷል። ጠዋት ከማርና ከሜፕል ዛፍ ሽሮፕ የጠመቀችውን አዲስ ጠጅ ሊቀምስላት ተቀምጦ ነበር። ከወደደው የመጥመቂያውን ክፍል ቁልፍ ሊሰጣት ቃል ገብቶ ነበር፤ አሁን ግን በጠጇ መርዛዋለች ተብላ ተጠርጥራለች።

መርማሪዋ አጭር ሴት ናት፤ ከሰው ይልቅ ዕቃ ዕቃውን ታያለች። መደርደሪያው ላይ ውኃ የሚያንጠባጥብ አንድ ሳህን አየች።

«ብርጭቆውን ጭልጥ አድርጎ ወደቀ» አለ የሟች ታናሽ ወንድም። «ድሮስ ከዛፍ ጭማቂ ጠጅ ይወጣል?»

«ጭልጥ አድርጎ?»

«በዓይኔ በብረቱ።»

የሟች ሚስት የልጅ ልጄን እያየች አለቀሰች። «እንደ ልጄ ነበር የማያት፤ መርዘኛ ኖራለች።»

«ሲወድቅ ምን አደረጋችሁ?» አለች መርማሪዋ።

«እኔና እሷ ሐኪም ልንጠራ ሮጥን። ዋርሳዬ፣ የባሌ ወንድም፣ አጠገቡ ቀረ።»

መርማሪዋ ሁላችንንም በጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበችና ወደ እኔ ዞረች። «እማማ፣ ጠጁ የተቀዳበት ጆግ አጠገብ ያሉትን ጉንዳኖች ይዩልኝ።»

መነጽሬን አደረግኩ። «ሞተዋል።»

«መትፊያው ባልዲ ላይ ያሉትስ?»

«እነዚህማ ሠርግ ቤት የገቡ ይመስላሉ።»

«ሟች እንደ ማንኛውም ቀማሽ ጠጁን አፉ ውስጥ አዙሮ ይተፋል እንጂ አይውጥም። ባልዲው ውስጥ ያለው እሱ የተፋው ነው፤ ንጹሕ ነው። ስለዚህ ጆጉ የተመረዘው ከተቀመሰ በኋላ ነው። ያኔ እዚህ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ታዲያ ባሌን ምን ገደለው?»

«የዋጠው ነገር። ምላሱን የሚያጠራው በምንድን ነው?»

«በደረቅ ዳቦ…» የሚስትየው ድምፅ ቀነሰ። «የሚቆርስለት ወንድሙ ነው።»

«ሰው እያጣጣረ የዳቦ ሳህን አጠቡ» አለችው መርማሪዋ። «ባልዲውን መድፋት ግን ረሱ።»

ወንድምየው ግድግዳውን አየ። «ሃያ ዓመት ሙሉ በርሜል ያንከባለልኩት እኔ ነኝ። ቁልፉን ለትናንት ልጅ ይስጥ?» በር ላይ የቆመው ፖሊስ ክንዱን ያዘው።

ሚስትየው ቁልፉን ከወገቧ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ይቅር በይኝ፣ ልጄ። ውሰጂው።»

የልጅ ልጄ ቁልፉን አልነካችም። ወደ በርሜሉ ሄዳ ከጠጇ አንድ ብርጭቆ ሙሉ ቀዳች። «ተይ፣ የኔ ዓለም» አልኩ። ዓይኗን «መርዘኛ» ካለቻት ሚስት ላይ ሳትነቅል እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ዋጠችው። ባዶውን ብርጭቆ ከቁልፉ አጠገብ ደፍታ ከቤቱ ወጣች።