የነዕማ ፊርማ

ስርጉት የሸንበቆውን በር ገፋ ስታደርገው ነዕማ ማንጎው ጥላ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ልጇን ታጠባ ነበር። ቀና ብላ አየቻት።

«መጣሽ?» አለች። «እኔ እኮ የረሳሽኝ መስሎኝ ነበር።»

ስርጉት ጫማዋን አውልቃ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ነዕማ ባለፈው ክረምት አግብታ ወደዚህ መንደር ብትመጣም እስከ ሚያዝያ ድረስ በእግሯ እየተመላለሰች ስምንተኛ ክፍልን ስትማር ቆይታለች። ሆዷ ሲገፋ ግን ቀረች። ከዚያ ወዲህ ስርጉት አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀቻትም። እናቷ «ያገባች ልጅ ጋ ምን ትሠሪያለሽ?» ሲሏት እሺ ብላ ቀርታለች። ዛሬም የመጣችው ምክትል ርዕሰ መምህሩ አቶ የሻው ስለላኳት ነው። «የተመዘገበ ተማሪ ከቀረ የትምህርት ቤቱን ውጤት ያወርዳል» ብለው አንድ ወረቀት ሰጥተዋታል። ነዕማን አስፈርማ፣ መጽሐፎቿንም ሰብስባ እንድትመለስ ነው።

«ስሙ ጣሀ ነው» አለች ነዕማ ልጁን እያቀበለቻት። «ከትናንት ወዲያ ነው ያወጣንለት። ዘጠኝ ቀኑ ነው።»

ስርጉት እንዳይወድቅባት ፈርታ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ጆሮው ላይ ገና ያልረገፈ ለስላሳ ጸጉር አለ። ነዕማ እጇ ነፃ ሲወጣላት ከጉልበቷ ሥር የሳይንስ መጽሐፏን ሳበች።

«የደም ዝውውር ላይ ደርሻለሁ። እናንተስ?»

«አልፈነዋል።»

የነዕማ አማት ኸድራ ከጎጆው ወጥተው ቀዝቃዛ ቀይ የከርከዴ መጠጥ በብርጭቆ አቀረቡላት። አፋቸውን የፈቱት በበርታ ቋንቋ ነው፤ አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም። «አንተ ስርጉት ነህ? ነዕማ ስለ አንተ ብዙ ይናገራል» አሏት ፈገግ ብለው። ከዚያ ማሽላቸውን ሊያበጥሩ ትንሽ ራቅ ብለው ተቀመጡ።

ነዕማ ጓደኛዋን ትክ ብላ አየቻት። «ምን ሆነሻል? ቦርሳሽን በዓይንሽ እየጠበቅሽ ነው። አትሸውጂኝ።»

ስርጉት ልጁን መለሰችላትና ወረቀቱን አውጥታ ሰጠቻት። ነዕማ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«‹በራሴ ፈቃድ ከፈተናው ወጥቻለሁ› ይላል። ማን ጠየቀኝ?»

«አቶ የሻው ናቸው የጻፉት።»

«አንቺ ደግሞ ተሸክመሽ መጣሽ።»

«አዎ» አለች ስርጉት አቀርቅራ። «ለትምህርት ቤት ጉዳይ ካልሆነ እናቴ አትለቀኝም። እንዳይሽ ብዬ ነው።» ግማሹ እውነት ነበር። ግማሹን ግን አቶ የሻውን እምቢ ማለት ፈርታ ነው።

ነዕማ ወረቀቱን አጥፋ መለሰችላት። «አልፈርምም።»

«ፈተናው እኮ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። አርባ ቀን አይሞላሽም።»

ኸድራ ማበጠሩን አቆሙ። «ምንድነው ፈተና?»

ነዕማ በበርታ ነገረቻቸው። ስርጉት ቋንቋውን ባትሰማም የሁለቱም ድምፅ ከፍ እያለ መሄዱን ታዘበች። በኋላ ኸድራ እንግዳዋም እንድትሰማ ወደ አማርኛ መለሱት።

«አርባ ሳይሞላ ሕፃን ከቤት አይወጣም። እናት አይወጣም። ሰው ምን ይላል?»

«ጣሀ አይወጣም። የምወጣው እኔ ነኝ» አለች ነዕማ፤ እሷም በአማርኛ። «ወተቴን አልቤ አስቀምጥለታለሁ፤ የጤና ጣቢያዋ ነርስ አሳይታኛለች። ሰው ደግሞ የመድኃኒት ወረቀት ማስነበብ ሲፈልግ የሚጠራው እኔን ነው። ያን ጊዜ አራስ ናት ብሎ አይተወኝም።»

ኸድራ ሰፌዱን አነሱ፤ አስቀመጡት። ከዚያ መጥተው ጣሀን ከእቅፏ ወሰዱት።

«እሺ አላልኩም» አሉ፣ ልጁን ይዘው ወደ ጥላው ዳር እየሄዱ።

ነዕማ መጽሐፉን መሐላቸው ዘረጋችው። ስርጉት ደብተሯን አወጣች። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ ነዕማ ያመለጧትን ትምህርቶች እየጠየቀች፣ ስርጉት እያስረዳች፣ ስርጉት ስትሳሳት ደግሞ ነዕማ እያረመች አጠኑ።

በማግስቱ ጠዋት ስርጉት አቶ የሻው ቢሮ ገብታ ያልተፈረመበትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«መጽሐፎቹስ?»

«እያነበበችባቸው ነው።»

አቶ የሻው በረጅሙ ተነፈሱ። አልተቆጡም። እስክሪብቷቸውን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። «አንቺ ጎበዝ ልጅ ነሽ። ፊርማዋን ታውቂዋለሽ፤ እዚህ ጋ አድርጊላት። ማንም አያጣራውም።»

እውነት ነው፣ ታውቀዋለች። ስድስተኛ ክፍል እያሉ ሁለቱም ፊርማ የለመዱት በአንድ ደብተር ጀርባ ላይ ነው። አቶ የሻው ፊት ደግሞ የመፈተኛ ካርዶቹ ተደርድረዋል። ከላይ ያለው የእሷው ነው፤ ፎቶዋ ላይ ማኅተም አርፎበታል። የነዕማ ለብቻው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል።

ስርጉት እስክሪብቶውን አነሳችው። ክዳኑን ገጠመችና ወደ እሳቸው መለሰችው።

«አልፈርምም ብላለች» አለች።

«አንቺን አይደል የጠየቅኩሽ?»

«እኔም አልፈርምላትም።»

አቶ የሻው የስርጉትን ካርድ አንስተው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት። «እንግዲያው ይኼም እዚህ ይቆያል። ውጪ።»

ወጣች። የክፍል ደወል ተደወለ፤ ልጆቹ እየተጋፉ ገቡ። እሷ ግን ወደ ክፍል አልሄደችም። መምህራኑ ሁሉ በሚያልፉበት መተላለፊያ፣ ከቢሮው በር ትይዩ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።

የሳይንስ መምህሯ ዮሚፍ ጠመኔ ይዘው ሲያልፉ አዩዋትና ቆሙ። «ስርጉት፣ ተደውሏል እኮ። እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?»

በሩ ገርበብ እንዳለ ነው። አቶ የሻው እንደሚሰሟት ታውቃለች።

«ካርድ እየጠበቅኩ ነው መምህር» አለች። «የእኔንና የነዕማን።»