የሻሮ ጀሪካን

ሻሮ እንደምትለው፣ ጀሪካኗን ለኮኪ በእጇ ሰጥታታለች፤ ኮኪም ክዳኑን ከፍታ፣ ሳታሸት፣ ወደ ትልቁ በርሜል ገልብጣዋለች።

ኮኪ እንደምትለው ደግሞ፣ እሷ የሌሎቹን ወተት አሽትታ ጨርሳ እጇን ስትታጠብ፣ ሻሮ ዘግይታ መጥታ ማንንም ሳትጠይቅ ራሷ ገልብጣዋለች።

የዋሸችው ኮኪ ነበረች።

ማማ ሮዛ በሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ ከዳበልና ከሄሉ መንደሮች የሚመጣውን የግመል ወተት ተቀብለው ወደ ናይሮቢ በሚሄደው አውቶቡስ የሚልኩ ሴት ናቸው። ደንባቸው አጭር ነው፤ ያልተሸተተ ወተት በርሜል ውስጥ አይገባም። የኮመጠጠ ለባለቤቱ ይመለሳል፣ ማንም ማንንም አይቆጣም። ትናንት ግን በርሜሉ ሙሉ በሙሉ ተበላሸ። ማማ ሮዛ ባዶዎቹን ጀሪካኖች አንድ በአንድ እያነሱ አሸተቱና የሻሮ ላይ ሲደርሱ ፊታቸውን አዞሩ። «ይህን ማን ገለበጠው?» ሲሉ ውሸቱ ከኮኪ አፍ አፈትልኮ ወጣ።

ኮኪ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ እዚህ የምትሠራው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። ትናንት አሥራ ሦስተኛው ጀሪካን ላይ ስትደርስ ሽታው ሁሉ አንድ ሆነባት። መንገዱ ላይ ከአንድ የጭነት መኪና ፍየሎች እየዘለሉ ይወርዱ ነበር፤ ሾፌሩ የአንዷን ጆሮ ይዞ ሌላዋን በእግሩ ያባርራል። ዐይኗ ከፍየሎቹ ጋር ሄደ። ሲመለስ የሻሮ ጀሪካን እጇ ላይ ባዶ ነበር።

ለዚህ ነገሯ ባለፈው ዓመት አንድ ሐኪም ስም ሰጥቶት ነበር፤ ኤዲኤችዲ። «ስንፍና አይደለም፤ ትኩረትሽ አንድ ቦታ አልረጋ ስለሚልሽ ነው» ብሏታል። እናቷ ምንታምር ግን ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ለሰው እንዳትናገሪ፤ ሌላ ስም ያወጡልሻል» አለቻት። እናም ኮኪ «ሀሳቤ ሄዶብኝ ነው» ከማለት መዋሸት ቀለላት።

ዛሬ ጠዋት በርሜሉ አጠገብ ማማ ሮዛ ራሳቸው ቆሙ። «አንቺ ወተቱ የሚመጣበት መኪና ላይ ውጪና አውርጂ። አፍንጫው ዛሬ የኔ ነው» አሏት። ቅጣት መስሏት አንገቷን ደፍታ ሄደች።

ፒካፑ አቧራውን አስከትሎ ደረሰ። «ሀራካ፣ ሀራካ! ቶሎ በሉ እንጂ! እዚህ ላድር አልመጣሁም!» ሾፌሩ መሐዲ ጮኸ። ወተት ካመጡት ሴቶች አንዷ በኦሮምኛ ትጠራለች፣ ሌላዋ በስዋሂሊ ትነዘንዛለች። ኮኪ ለአንዷ እየመለሰች ለሌላዋ ታቀብላለች። ቀይ ገመድ የታሰረበት ጀሪካን የማን እንደሆነ፣ እጀታው የተሰነጠቀው የማን እንደሆነ ማንንም አልጠየቀችም። ሳታስበው ቀና ብላ ነበር።

«ይቺ ልጅ ስንት ዐይን ነው ያላት?» አለ መሐዲ። «አንዱን ለኔ ሽጪልኝ፤ የኋላ መስታወቴ ተሰብሯል።»

«አንተ የፊቱንስ መቼ አየህበት!» አለችው ከሴቶቹ አንዷ።

ሴቶቹ ሳቁ። ኮኪ ግን በሳቁ መሃል ድንገት እጇን ዘረጋች። «ያኛው ይቆይ! ከጥግ ያለው!» የጀሪካኑ ክዳን አብጦ በጠርዙ አረፋ ይዟል። ማማ ሮዛ መጥተው ከፍተው አሸተቱት። ኮምጥጧል። የወተቱ ባለቤት ተቀብላ ጎን አስቀመጠችው።

ማማ ሮዛ የኮኪን ትከሻ መታ መታ አደረጉ። «አያችሁ? ክዳን ብቻ አይታ የምታውቅ ልጅ፣ የተበላሸ ወተት እንዴት ያመልጣታል? ትናንትም እውነቷን ነው።»

የኮኪ ፊት ጋለ። በሕይወቷ በሥራ የተመሰገነችው ዛሬ ገና ነው፤ ምስጋናው ደግሞ ሻሮን መምቻ ሆነ።

ሻሮ ከፒካፑ ኋላ ጀሪካኗን አቅፋ ቆማለች። «አንቺ ያመጣሽውን ይዘሽ ተመለሺ» አሏት ማማ ሮዛ። «ከዛሬ ጀምሮ ያንቺን አልቀበልም።» ዳበል ውስጥ ወተቷን የሚገዛት ሌላ ሰው እንደሌለ ሁሉም ያውቃል።

«እኔ በእጅ ሰጠሁ» አለች ሻሮ በጥቂት አማርኛዋ። ከዚያ ኮኪን አየቻት። ብትቆጣ ይሻል ነበር። አስተያየቷ ግን ግራ እንደገባው ሰው ነበር፤ ምናልባት የተሳሳትኩት እኔ እሆን እንዴ የሚል።

«ማማ ሮዛ፣ አላሸተትኩትም» አለች ኮኪ።

«ምኑን?»

«የሻሮን ወተት። በእጄ ሰጥታኛለች። የገለበጥኩት እኔ ነኝ።»

«አሁን ክዳኑን ከሩቅ ያየሽው ልጅ?»

«አሁን ሁሉም ነገር ይንቀሳቀሳል። እንዲህ ሲሆን ይታየኛል። አንድ ቦታ ቆሜ ያንኑ ነገር ስደጋግም ግን…» በእጇ ወደ በርሜሉ አመለከተች። «ሀሳቤ ጥሎኝ ይሄዳል። ስም አለው፤ ሐኪም ነግሮኛል። መዋሸቴ ግን ከሱ አይደለም።»

ማማ ሮዛ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ፤ ደግመው ጠረጉ።

«ስልሳ ሊትር ነው የደፋሁት፣ ኮኪ። ይህቺን ሴት ደግሞ በሰው ፊት ውሸታም አደረግኳት።»

«አውቃለሁ።»

ሴቶቹ ምን እንደተባለ እርስ በርስ ይጠያየቁ ጀመር። ማማ ሮዛ ሊያስረዷቸው ዞር ሲሉ ኮኪ ክንዳቸውን ያዘች።

«ይተዉት፣ ማማ ሮዛ። በኦሮምኛ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ፤ መጀመሪያ ለሻሮ። ከዚያ ካላባረሩኝ፣ ነገም መኪናው ላይ ነው የምቆመው። በርሜሉን ግን ለሌላ ሰው ይስጡት።»