የባዶው ክፍል አንድ ደቂቃ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይሄን አስቀድሜ ልንገራችሁና ልገላገል፣ ጎረቤቶቼ ጥላ ወጊ ነካው፣ ዛር ያዛት እያሉ ሲያወሩ "እስቲ ድምፁን ቅዱና አምጡልኝ" የምል ሴት ነኝ። ደብረ ብርሃን ጠባሴ ቪዲዮ ቤት ከከፈትኩ ዓመታት አልፈዋል፣ የሆቴሉን፣ የወፍጮ ቤቱን፣ የወተት ማኅበሩን ማስታወቂያ የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ራሴን የማሞግስ እንዳይመስላችሁ፣ ቢመስላችሁስ ምናለበት፣ እውነት ነው። በዚህ ከተማ ካሜራ ያለው ሞልቷል፣ ጆሮ ያለኝ ግን እኔ ብቻ ነኝ።

ሥራዬን ካላወቃችሁ የሆነው ነገር አይገባችሁም። ድርጅቱን ሊያስተዋውቅ የሚመጣ ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ምስል ነው፣ ድሮን አለሽ ወይ ይለኛል። የኔ መልስ ሁሌም አንድ ነው፣ ከወረቀት አታንብብ፣ የሚሠራውን እጅ አሳይ፣ ዘፈን አትጫንበት፣ ከሁለት ደቂቃ አትለፍ፣ ሰው የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፣ የማይሰማ ድምፅ ግን አይታገሥም። ቀረጻው ሲያልቅ ደግሞ ሰውን ሁሉ አስወጥቼ ባዶውን ክፍል አንድ ደቂቃ እቀዳለሁ፣ ምክንያቱም ባዶ ክፍልም የራሱ ድምፅ አለው፣ ምስል ቆርጬ ስቀጥል ስፌቱ እንዳይታወቅ ከሥር የማነጥፈው እሱን ነው። የከተማው ልጆች "ዝምታ ትቀዳለች" እያሉ ይስቁብኛል፣ ይሳቁ።

እንግዲህ ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ከአንኮበር፣ ከጎረቤላ አለፍ ብሎ፣ እትዬ አስካለ የሚባሉ ሴት አስጠሩኝ። ባለቤታቸው አያ ሽፈራው የባና ሸማኔ ነበሩ፣ እሳቸው የሠሩትን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ የደረበ ሰው የአንኮበርን ቁር አያውቀውም ይባልላቸው ነበር፣ ካረፉ ዓመት አልሞላቸውም። እኛ አገር ሴት ትፈትላለች እንጂ ሽመና ላይ አትቀመጥም፣ እትዬ አስካለ ግን ተስካሩን ባወጡ በሳምንቱ የባላቸው ቦታ ገብተው ቁጭ አሉ። ሰው መጀመሪያ አፉን ያዘ፣ ኋላ ደግሞ አፉን ከፈተ፣ "ባሏ ሠርቶ ያስቀመጠውን እየሸጠች ነው እንጂ ሴት መች ባና ትሠራለች" ተባለ።

ይሄው ወሬ ገደሉ ጫፍ ላይ ሎጅ የሚያሠራው ሰውዬ ጆሮ ገባ። ሰውዬው ለክፍሎቹ ሁሉ ባና ሊያዛቸው ቃል ሰጥቶ ነበር፣ አሁን ግን የሟቹ ሥራ ሲያልቅ ከየት አመጣለሁ ብሎ ወደ ፋብሪካ ብርድ ልብስ አዘነበለ፣ በገዛ እጃቸው ሲሠሩ የሚያሳይ ቪዲዮ እስከ ሰኞ ካልደረሰኝ ሐሳቤን እቀይራለሁ አለ። እምቢ ካለ የሽመና ዕቃውን ፈትተው አዲስ አበባ ልጃቸው ቤት መግባታቸው ነው። ይሄን ሲነግሩኝ አላለቀሱም፣ እጃቸውን እያዩ የሰው እጅ ጠባቂ ልሆን ነው አሉኝ።

ቀረጻው፣ እመኑኝ፣ በሕይወቴ ከሠራኋቸው ሁሉ የበለጠ ነው። እትዬ አስካለ ካሜራ አላዩም፣ መወርወሪያውን ሰደድ ያደርጉና ክሩን በእንጨቱ ዷ ዷ አድርገው ያርፋሉ፣ ሰደድ፣ ዷ ዷ፣ ዕረፍት። ማን አስተማረዎት ብላቸው፣ ሃያ ዓመት ከጎኑ ተቀምጬ ስፈትል በጆሮዬ ነው የተማርኩት አሉ። አያ ሽፈራው ሦስት ጊዜ ነበር የሚመቱት፣ እትዬ አስካለ ደግሞ ሦስተኛው ክሩን ያንቀዋል፣ ባናው ይደርቃል እያሉ ሲነግሯቸው፣ ባልዬው አንድም ቀን ሰምተዋቸው አያውቁም። በጆሮ የተማረ ሰው ማግኘቴ እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም።

ቀትር ካለፈ በኋላ ከአልዩ አምባ በኩል ጉሙ እየተንከባለለ ወጣና ግቢውን ዋጠው። ቤቱ ውስጥ ከኛ ከሁለታችን በቀር ሰው አልነበረም። እትዬ አስካለን ደጅ መደቡ ላይ አስቀመጥኳቸው፣ ማይኩን እዚያው ሽመናው አጠገብ ትቼ ገመዱን በበሩ ሥር አወጣሁት፣ ማዳመጫዬን አደረግሁ፣ ሰዓቴን ይዤ ዝምታዬን መቅዳት ጀመርኩ።

መጀመሪያ ያው የባዶ ቤት ድምፅ ነው፣ ከጣራው ላይ ጤዛ ጠብ ሲል ይሰማል። ከዚያ አንድ ነገር ተንሸራተተ። ገመዱን ነክቼው ነው ብዬ እጄን አነሣሁ። ቀጥሎ ዷ አለ። ጎረቤት የሚወቅጥ ይኖራል ብዬ ማዳመጫውን ከጆሮዬ አወረድኩት፣ ግቢው ጭር ብሏል፣ መልሼ ሳደርገው ግን አለ፣ ሰደድ፣ ዷ ዷ ዷ፣ ዕረፍት። የድምፅ መለኪያው መስመር አብሮ ይዘላል፣ የኔ ጆሮ ቢዋሽ መሣሪያው ምን ነካው። በበሩ ስንጥቅ አየሁ፣ ክሩ እንደተወጠረ፣ መወርወሪያውም እትዬ አስካለ ያስቀመጡት ቦታ ነው፣ አንድም ነገር አይንቀሳቀስም። ሦስት መሆኑን ደጋግሜ ቆጠርኩ፣ ደቂቃው ሲሞላ መቅጃውን አቆምኩ፣ ማዳመጫው ውስጥ ግን ድምፁ አልቆመም።

ማዳመጫውን እትዬ አስካለ ጆሮ ላይ አደረግሁላቸው። ፊታቸው አልተለወጠም፣ ራሳቸውን ብቻ ዘንበል አደረጉ፣ ከባላቸው ጎን ሆነው እንደሚፈትሉ።

"ዛሬም ሦስት ነው" አሉ።

እኔ፣ ይቅር ይበለኝ፣ ፍርሃቴ ሳይለቀኝ የመጣልኝ ሐሳብ የሥራ ነው፣ ይሄን የመሰለ ድምፅ ከሥር ቢነጠፍ ቪዲዮው ነፍስ ይዘራል አልኳቸው። ማዳመጫውን አውልቀው ሰጡኝ።

"አይሆንም ልጄ። የሎጁ ሰውዬ የሚሰማው የኔን እጅ ነው።"

ተነሥተው በሩን ከፈቱ፣ ገብተው እንጨቱን በመዳፋቸው ያዝ አደረጉት። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፣ ማታ ራት ቀርቧል እንደሚል ሰው ነው የተናገሩት፣ "ሽፈራው፣ አንተ ደክመህ ዐርፈሃል፣ አሁን ቦታው የኔ ነው" አሉና ወጡ። እንደ አዲስ ቀዳሁ። ያን የመሰለ ንጹሕ ዝምታ ቀድቼ አላውቅም።

እሑድ ላክሁት፣ ሰኞ ሰውዬው ደወለ፣ ለክፍሎቹ ሁሉ አዘዘ። ዛሬ እትዬ አስካለ ሁለት ሽመና አስጨምረው ሁለት የአገራቸውን ሴቶች አስቀምጠዋል፣ ያ ሲያማ የነበረ ሰው ሁሉ አሁን ሴት ልጄን ተቀበሉልኝ እያለ ደጅ ይጠናል፣ እኔም ለሚያገኘኝ ሁሉ ያቺን ቪዲዮ የሠራሁት እኔ ነኝ እላለሁ፣ ኮርቼ ነው የምለው።

የመጀመሪያውን ቅጂ ግን አላጠፋሁትም። ለምን እንዳትሉኝ፣ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት በጠራራ ፀሐይ፣ መንገዱ በባጃጅ ጩኸት ተሞልቶ ሳለ፣ ከፍቼ ማዳመጥ ጀመርኩ። ያው ጤዛ፣ ያው መንሸራተት፣ ከዚያ ዷ ዷ አለና ዐረፈ። ሦስተኛውን ጠበቅሁ፣ የለም። ከመጀመሪያው አስጀመርኩት፣ አሁንም ሁለት። ያን ፋይል ከኔ በቀር የነካው ሰው የለም፣ ያን ቀን ደግሞ ሦስት መሆኑን በጆሮዬ ቆጥሬዋለሁ፣ እሳቸውም ሰምተዋል። አንዱን ጆሮዬን ከማዳመጫው አውጥቼ ለእትዬ አስካለ ደወልኩ፣ የሆነውን ነገርኳቸው። ከኋላቸው የሴቶቹ ሽመና ይሰማል።

"ስንት አልሽኝ?" አሉ።

"ሁለት።"

"ሃያ ዓመት ነግሬው እምቢ ያለኝን" አሉ፣ ድምፃቸው ውስጥ ያለው ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየሁትም፣ "አሁን ሰማኝ።"

ከዚያ ስለ አዲሶቹ ሴቶች፣ ስለ ጠጉር መወደድ፣ ስለ ጤናዬ ሲያወሩኝ ቆዩ፣ እኔም አዎ አዎ እላለሁ። ስልኩን ስዘጋው ነው ነገሩ የገባኝ። የቀዳሁት አንድ ደቂቃ ነው፣ ሰዓት ይዤ የቀዳሁት ራሴ ነኝ፣ እትዬ አስካለን ያወራኋቸው ግን ከዚያ በላይ ነው፣ የግራ ጆሮዬ ማዳመጫው ውስጥ እንዳለ ነበር፣ ድምፁም አልተቋረጠም፣ ሁለት ይመታና ያርፋል።