የአሲዱ ፓምፕ አዳማጭ

መጋቢት ፲፱፻፴፯ ዓ.ም.፤ የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ጥቂት ሳምንታት በቀሩት ጊዜ፣ ከወንዙ ዳር ከተማ በላይ በኮረብታው ላይ የቆመው የአሲድ ፋብሪካ ሰው አልባ ሊሆን ነበር። ጦሩ ስለ ቀረበ ሠራተኛው ሁሉ እንዲወጣ ታዘዘ፤ ሆኖም በዚያው ሳምንት የወደቀው ቦምብ ትልቁን የአሲድ ጋን ሰንጥቆት ነበርና፣ አንድ ፓምፕ ያለ ዕረፍት እየዞረ አሲዱን ከኮረብታው ጀርባ ወዳለው ደኅና ጋን ይገለብጥ ነበር።

የፓምፑን ዘይት የሚጠብቀው ሰው ስድሳ ሊሞላው የተቃረበ፣ ሚስቱ የሞተችበት ነበር። የዱላውን አንድ ጫፍ የፓምፑ ዘንግ ከሚዞርበት ኩሽኔታ፣ ሌላውን ከጆሮው አስደግፎ የብረቱን ድምፅ ስለሚለይ «አዳማጩ» ይሉት ነበር፤ የሰው ወሬ ግን በአንዱ ጆሮው ገብቶ በሌላው ይወጣል እያሉ ይቀልዱበታል።

የፋብሪካው ሹም ከመኪናው ሳይወርድ፣ «ና ውጣ! ትእዛዝ ነው» አለው።

«ጌታዬ፣ ኩሽኔታው በየሰዓቱ ዘይቱ ካልታየለት ይነድዳል። ፓምፑ ከቆመ ደግሞ ጋኑ አይችልም፤ የአሲዱ መንገድ ቁልቁል ወደ ከተማው የውኃ ጉድጓድ ነው።»

ሹሙ ቁልቁል ወደ ከተማው ተመለከተ። የአዳማጩ ልጅ ሕፃኗን ታቅፋ ከመኪናው ወረደች።

«አባባ፣ ሰው ሁሉ ሄዶ እርስዎ ከብረት ጋር ሊቀሩ ነው?»

«ሰው ሁሉ መቼ ሄደ ልጄ? ታች ያሉት ሽማግሌዎችና በሽተኞች በምን እግራቸው ይሄዳሉ? አንቺ ሂጂ፤ ልጅሽን አትርፊ።»

መኪናው ሲሄድ አቧራው እስኪረጋ ድረስ ቆሞ አየ።

በማግስቱ ጠዋት በፓምፑ የዘይት ማሳያ መስታወት ውስጥ ያለው ዘይት ወተት መስሎ አገኘው፤ ውኃ ገብቶበታል። እንዲህ ያለ ዘይት ዘንጉን አይሸከምም፤ ፓምፑን ከማቆም በቀር መላ አልነበረውም። ብሎኑን ፈትቶ የደፈረሰውን አፈሰሰ፤ በጥቂት ንጹሕ ዘይት አጠበው፤ ከዚያም ከቀረችው ቆርቆሮ እስከ ምልክቱ ድረስ፣ ከምልክቱም ሳያሳልፍ ሞላው፤ የበዛ ዘይትም ያግላልና። በዚህ መካከል የጋኑ ስንጥቅ ያንጠባጥብ፣ ከሥሩ ያለው ድንጋይም ይጨስ ነበር። መቸኮሉ ሲታወቀው፣ «ቀስ፣ ቀስ» አለ፤ ከትናንት ወዲህ የሰማው የሰው ድምፅ ይኸው የራሱ መሆኑ ሲገባው ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ከዚያም ፓምፑን እንደገና አስነሣ።

በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ጋኑ ተሟጠጠ። ፓምፑን ዘግቶ፣ «አለቀ!» ለማለት ዞረ፤ የሚሰማው አልነበረም።

ወደ ከተማው ወርዶ ከጉድጓዱ ዘንድ ሲደርስ፣ ውኃ የምትቀዳ ሴት በአሲድ የተበሳሳውን ልብሱን አየች።

«ምነው አባቴ፣ ከየት ይመጣሉ?»

«ከሥራ።»

«በዚህ ቀውጢ ጊዜ ደግሞ ምን ሥራ አለ!» ብላ ውኃ ሰጠችው። ጠጥቶ ዕቃውን መለሰላት።

ልጁ በዚያ መኪና የተሻገረችው ድንበር ከጦርነቱ በኋላ ለዓመታት ተዘጋ። ሁለት ደብዳቤ ደረሰው እንጂ፣ እሷንም የልጅ ልጁንም ዳግመኛ ሳያይ አለፈ።

የከተማይቱ የታሪክ መዝገብ ከተማይቱን የያዘው ጦር አዛዥ የገባበትን ሰዓትና በአደባባይ ያደረገውን ንግግር አንድ ቃል ሳያስቀር ጽፏል፤ ስለ ቀደመው ሳምንት ያለው ግን «በነዋሪው ላይ ጉዳት አልደረሰም» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። ለምን እንዳልደረሰ የጠየቀ የለም፤ ያልደረሰ ጥፋት ምስክር አይጠራምና።